ሦስት ኮርድና አንድ ኩርፊያ

ሳምንቱ እንዴት አለፈ? እኛ አለን። መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ታክሲው እያሰለፈን፣ እኛም እየተሰለፍን ይኸው አለን።

እናላችሁ፣ ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ፈገግ አሰኝቶኛል። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። እንደ ልማዳችን ስሙን አንጠቅስም። ጉዳዩ የፍቅር አይደለም፤ የሥራ ማጣትም አይደለም። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አሜሪካ ያለችው አክስቴ ማንዶሊን ላከችልኝ። እኔ የጠየቅኳት ጊታር ነበር። ባሏ ብሉግራስ የሚባል ሙዚቃ ስለሚወድ ‹ይሄ ይሻለዋል› ብሎ ነው አሉ። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ጣቴ ተላጠ። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ነው። ጓደኞቼ ‹የጊታር ጫጩት› እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። አንድ ሰው ልግዛህ ብሎኛል። ልሽጠው ወይስ ልቀጥል? ኮርድ የሚባለው ነገርስ መቼ ነው የሚገባኝ?»

ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ጽፈኸው ቢሆን ኖሮ «ሽጠውና ተገላገል» ይልህ ነበር። የኔ ነገር ግን ለየት ይላል። እኔ በዚያ የጊታር ጫጩት ምክንያት ሦስት ዓመት ሙሉ ካኮረፍኩት ታላቅ ወንድሜ ጋር የተነጋገርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ምክሩንም፣ ኮርዱንም፣ የቤታችንን ገመናም አንድ ላይ ላቀርብላችሁ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። የምነግራችሁ ጣቴን ያመመኝን ያህል ነው።

ሻንጣ ውስጥ የመጣው እንግዳ

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ቤት ውስጥ «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው። ዲቪ ደርሶት ሲሄድ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የሚኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድርያ በምትባል ከተማ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ማለት ነው፤ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ነው። ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል።

በ2013 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፍ አልመጣም። ገንዘብ ላከ። ድንኳኑ የተጣለው፣ ለቀስተኛው የበላው የጠጣው በሱ ገንዘብ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አጠገቤ ቁጭ ይልና «ትልቁስ?» ይለኛል። ትልቁ የለም። አስከሬኑን ተሸክሜ የወጣሁት እኔ፣ እናቴን ደግፌ ያስገባሁት እኔ። በሰባተኛው ቀን ሲደውል ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? «አንተ አባትህን በሐዋላ ነው የቀበርከው!» አልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም። እናቴ በስልክ ስታወራው እኔ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። ልክ ነበርኩ አልልም፤ ያኔ ግን ልክ መስሎኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ለገና መጣ። ሻንጣው ሲከፈት ያው የምታውቁት ነው፦ ጫማ፣ ሽቶ፣ ለእናቴ ቫይታሚን፣ ለጎረቤት ቸኮሌት። ከሁሉም በታች አንድ ጥቁር ትንሽ ሳጥን ወጣች። እናቴ ከፍታ አየቻትና «ይሄ ደግሞ ጊታር ነው ወይስ ሳያድግ የቀረ?» አለች።

«ለማሙሽ ነው» አለ ወንድሜ። ልብ በሉ፣ 26 ዓመቴ ነው። እሱ ዛሬም ማሙሽ ይለኛል። አመሰገንኩና ሳጥኗን ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኳት። አምስት ቀን እዚያው ዋለች፣ አደረች። «ደህና አደርክ»፣ «ደህና»፣ በቃ! ከዚህ ያለፈ ወሬ የለንም።

በስድስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ጎረቤት ቡና ላይ ናት። ጨለማ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ። ተነሥቶ ሳጥኗን አወረደና መጫወት ጀመረ። ዜማ አይደለም፤ «ጭክ… ጭክ… ጭክ…» የሚል ነገር ብቻ። መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ ታውቁ የለ? እንደዚያ። ሃያ ደቂቃ ቻልኩት። ከዚያ ግን አልቻልኩም።

«ምንድን ነው የምትቆርጠው?» አልኩት።

ሳቀ። «ልክ ብለሃል፤ በእንግሊዝኛም ስሙ ቾፕ ነው። መቁረጥ ማለት ነው» አለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያወራነው የመጀመሪያው ደህና ወሬ ይኸው ነበር።

ለታናሽ የተረፈች መሣሪያ

እዚህ ላይ ብሉግራስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወንድሜም ያን ምሽት የነገረኝ ከዚህ ጀምሮ ነው፤ ሆን ብሎ ይመስለኛል።

የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ነው። የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በምትባል የገጠር መንደር ሲሆን፣ ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነው። ቤቱ የሙዚቃ ቤት ነበር። ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ቀድመው ያዙ። ለትንሹ ማን የሚፈልገው ነገር ቀረ? ማንዶሊን! ያም አልበቃ ብሏቸው፣ ብዙ እንዳይጮህባቸው ከስምንቱ ክር አራቱን ብቻ እንዲያስር አደረጉት ይባላል። ታናሽ የሆናችሁ ሁሉ ይገባችኋል። ለእኛ የሚደርሰን ታላቅ የለበሰው ሹራብ ነው።

ልጁ እናቱን በ10 ዓመቱ፣ አባቱን በ16 ዓመቱ አጣ። ቫዮሊን ከሚጫወተው አጎቱ ጋር ኖረ፤ ከአጎቱም ብዙ ዜማ ቀሰመ። አርኖልድ ሹልትዝ ከሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ጊታርና ቫዮሊን ተጫዋች ጋርም እየዞረ ጭፈራ ላይ ይጫወት ነበር። ስለዚህ «ብሉግራስ የነጭ ገበሬ ሙዚቃ ብቻ ነው» የሚላችሁ ካለ ነገሩን አጣርቶ አልሰማም። ባንጆ የሚባለው መሣሪያ ራሱ ሥሩ አፍሪካ ነው።

ቢል ካደገ በኋላ ቻርሊ ከሚባለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ሁለት ሆነው እየዘፈኑ ስም አወጡ። ግን አልተስማሙም። በ1938 ተለያዩ። ቢል የራሱን ባንድ አቋቋመና በኬንታኪ ቅጽል ስም «ብሉ ግራስ ቦይስ» አለው። በ1939 ናሽቪል ላይ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለው ታዋቂ የሬዲዮ ዝግጅት ውስጥ ገባ። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ ባንጆውን ይዞ ሲቀላቀለው ዛሬ ብሉግራስ የምንለው ድምፅ ሞላ። የሙዚቃው ስምም ከባንዱ ስም የመጣ ነው። ለታናሽ የተረፈችው መሣሪያ የሙዚቃው እናት ሆነች ማለት ነው።

ወንድሜ ይህን ሙዚቃ ያገኘው በዕድል ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከጥንት የብሉግራስ ሠፈር ናቸው። «ካንትሪ ጀንትልመን» በ1957፣ «ሴልደም ሲን» በ1971 የተመሠረቱት እዚያ ነው። ሴልደም ሲኖች ለብዙ ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ይጫወቱበት የነበረው ቤት ደግሞ እዚያው አሌክሳንድርያ ውስጥ ነው። ከወንድሜ ጋር ሌሊት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጊታር ይጫወታሉ። መኪና በማይገባበት ሰዓት እሳቸው ጊታራቸውን፣ ወንድሜ ማንዶሊኑን ይዘው ይቀመጣሉ።

በእኛም አገር ማንዶሊን እንግዳ አይደለም። በሙዚቃችን ውስጥ ማንዶሊን ከተነሣ የአየለ ማሞ ስም አብሮ ይነሣል። የእኛ ሰው ማንዶሊን ላይ በአብዛኛው የሚያወጣው ዜማ ነው። ብሉግራስ ላይ ግን ዜማ ከማውጣታችሁ በፊት ሌላ ሥራ አለባችሁ። እሱም ኮርድ ነው።

ሁለት ጣት፣ ሦስት ኮርድ

በሻማ ብርሃን የተማርኩትን ልንገራችሁ። መሣሪያ ያላችሁ አውጡ። የሌላችሁም አንብቡ፤ ለወሬ ይሆናችኋል።

ማንዶሊን ስምንት ክር አላት፤ ግን ሁለት ሁለቱ ተጣምረው አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚሰጡ አራት ጥንድ ነው የምንቆጥረው። ከወፍራሙ ጀምሮ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ። የቫዮሊን ቅኝትም ይኸው ነው። ቀጭኑን 1ኛ ጥንድ፣ ወፍራሙን 4ኛ ጥንድ እንበል። አንገቷ ላይ የተደረደሩት የብረት መስመሮች ፍሬት ይባላሉ፤ የሚቆጠሩት ከመቃኛው በኩል ነው። ጣት የሚያርፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ጥቂት ወደ መቃኛው ቀረት ብሎ ነው። እዚያ ላይ ከሆነ ብዙ ሳትጫኑ ይጮህላችኋል።

ጂ ኮርድ፦ ሌባ ጣት 2ኛው ጥንድ ላይ 2ኛ ፍሬት፤ የመሃል ጣት 1ኛው ጥንድ ላይ 3ኛ ፍሬት። ሁለቱ ወፍራሞች ሳይነኩ ክፍት ይጮሃሉ። በቃ! ይኸው ጂ።

ሲ ኮርድ፦ ጣቶቻችሁ የያዙትን ቅርጽ ሳታፈርሱ ሁለቱንም ወደ ወፍራሙ በኩል አንድ ጥንድ አሻግሩ። ሌባ ጣት 3ኛው ጥንድ ላይ 2ኛ ፍሬት፤ የመሃል ጣት 2ኛው ጥንድ ላይ 3ኛ ፍሬት። ቅርጹ ያው ነው፤ ቤት ብቻ ነው የቀየረው።

ዲ ኮርድ፦ ሌባ ጣት 4ኛው ጥንድ ላይ፣ የመሃል ጣት 1ኛው ጥንድ ላይ፤ ሁለቱም 2ኛ ፍሬት። መሃል ያሉት ሁለት ጥንዶች ክፍት ናቸው። እዚህ ላይ ጣቶቻችሁ ቀጥ ብለው ካልቆሙ መሃል ያሉትን ክሮች ያፍኗቸዋል።

አሁን በአንድ እጅ ፒክ ያዙና ከላይ ወደ ታች ብቻ ምቱ። ፒኩ ወፈር ያለ ይሁን፤ አያያዛችሁ ግን ጫጩት እንደያዘ ሰው ላላ ይበል። ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ቁጠሩ፦ ጂ፣ ጂ፣ ሲ፣ ጂ፤ ቀጥሎ ጂ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ በማፈራረቅ የሚዘፈን የብሉግራስ ዘፈን ተቆጥሮ አያልቅም።

እኔ በመጀመሪያው ማታ ከጂ ወደ ሲ ለመሄድ አንድ ዘመን ፈጀብኝ። ጣቴ መንገድ ላይ ይጠፋል። ወንድሜ «ቆጠራውን አታቁም፤ ጣትህ ባይደርስም እጅህ ይምታ» አለኝ። ይህ ትልቅ ምክር ነው። ኮርዱን ለማስተካከል ብላችሁ ከቆማችሁ አብሯችሁ የሚጫወተው ሰው ጥሏችሁ ይሄዳል። ኮርድ ብትስቱ ይቅር ይባላል፤ ምት ብትስቱ ግን ሁሉም ሰው ይወድቃል።

መያዝ ብቻ አይበቃም፣ መልቀቅም አለ

ብሉግራስ ባንድ ውስጥ በአብዛኛው ከበሮ የለም። ታዲያ ከበሮውን ማን ይምታው? ትልቁ ቤዝ 1 እና 3 ላይ «ዱም» ይላል። ማንዶሊኗ 2 እና 4 ላይ «ጭክ» ትላለች። ዱም-ጭክ፣ ዱም-ጭክ። ይህ ነው ቾፕ የሚሉት። ሳትታዩ ቤቱን ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

«ጭክ» እንዴት ይመጣል? ምሥጢሩ ከምቱ ይልቅ በግራ እጅ ላይ ነው። ክሩን እንደመታችሁ ወዲያው ጣታችሁን ላላ ታደርጋላችሁ። ከክሩ አታነሡትም፤ መጫኑን ብቻ ትተዋላችሁ። ድምፁ ወዲያው ይቆረጣል። ክራር ሲመታ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ክራር ተጫዋቹ በአንድ እጁ ሁሉንም ክር ሲገርፍ የሌላው እጁ ጣቶች መጮህ የሌለባቸውን አፍነው ይይዛሉ። ዝም ማሰኘት የጨዋታው ግማሽ ነው።

ክፍት ክር ግን ጣት ስለሌለበት በመልቀቅ ዝም አይልም። ስለዚህ ለቾፕ ሁሉም ክር የሚያዝበት ኮርድ ያስፈልጋል። የጂው ኮርድ አስፈሪ ነው፦ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ቀድሞ በነበሩበት ይቆያሉ። የቀለበት ጣት 3ኛው ጥንድ ላይ 5ኛ ፍሬት፣ ትንሿ ጣት ደግሞ 4ኛው ጥንድ ላይ 7ኛ ፍሬት ትዘረጋለች። ትንሿ ጣታችሁ «አልሄድም» ካለች አትጣሏት። መጀመሪያ ወፍራሙን ጥንድ ሳትመቱ በሦስቱ ብቻ ተጫወቱ። በወራት ውስጥ ራሷ ትመጣለች።

የሲው ይቀላል። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት የቀድሞ ሲ ላይ እንዳሉ የቀለበት ጣት 4ኛው ጥንድ ላይ 5ኛ ፍሬት ትጨመራለች። ቀጭኑን ጥንድ አትመቱም። አሁን የሚያስደስተው ነገር መጣ፦ ይህንኑ ቅርጽ ሳታፈርሱ ሁለት ፍሬት ወደ ሆዷ ስትገፉት ዲ ይሆናል። ክፍት ክር ስለሌለው ሌላም ቦታ ስትወስዱት ሌላ ኮርድ ነው። አንድ ቁልፍ ለብዙ በር ማለት ነው።

ያን ሌሊት ይህችን ነገር አልቻልኳትም። ወይ ጨርሶ አለቅና ክሩ ያንጫርራል፤ ወይ እንደያዝኩ እቀርና ይንጫጫል። ወንድሜ እጄን ያዘና «ማሙሽ፣ አጥብቀህ ነው የያዝከው። ከመታህ በኋላ ልቀቀው» አለኝ።

አላወቅኩም፤ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «አንተማ መልቀቅ ታውቃለህ!» የሚለው ከአፌ ወጣ።

ዝም አለ። ማንዶሊኗን ተቀበለኝና ሲን ያዘ፤ ወደ ዲ ገፋ፤ ወደ ሲ መለሰ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የተናገረው። አባታችን ያረፈ ሳምንት እጁ ላይ ትኬት የሚቆርጥበት ገንዘብ አልነበረም። ሥራ ቀንሰውበት ነበር። ከሁለት ጓደኞቹ ተበደረ። የተበደረው ወይ ለትኬት ይሆናል፣ ወይ ለለቅሶው ይሆናል፤ ለሁለቱ አይበቃም። «ባዶ እጄን መጥቼ ድንኳን ውስጥ ከምቀመጥ እናቴ በሰው ፊት አትፈር አልኩ። አንተ ስልኩን ስትዘጋው የመኪና ማቆሚያው ዳስ ውስጥ ነበርኩ። ያ ሽማግሌ ምን እንዳለኝ አያውቅም፤ ብቻ ይህችን አቀበለኝ» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ታላቅህ ነኛ» አለኝ።

ምን ልበላችሁ! የምመልሰው አጣሁ። እኔ ሦስት ዓመት የያዝኩትን ነገር እያሰብኩ ነበር። ታላቅ መሆን ሹራቡን አስቀድሞ መልበስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አልተቃቀፍንም፤ ፊልም አይደለም። ማንዶሊኗን ከእጁ ተቀበልኩና «ያንን ሲ እንደገና አሳየኝ» አልኩት። እናቴ ከቡናው ስትመለስ በሻማ ሁለታችንን አንድ መሣሪያ ላይ ጎንበስ ብለን አገኘችን። «ምን እየቆረጣችሁ ነው?» አለች። ሳቅንባት።

ክቡ ውስጥ ስትገቡ

ወንድሜ ቀሪውን ሁለት ሳምንት ብሉግራስ ላይ ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚጫወቱ ነገረኝ። ሰዎቹ ተከብበው ይቆማሉ። መጀመሪያ መሣሪያ ይቃኛል፤ ሳይቃኝ ከሚገባ ሰው ሳይሳሳት የሚያዛጋ ይሻላል። ዘፈኑን የሚመራው ሰው ኮርዱ በምን እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ተራ በተራ እያንዳንዱ መሣሪያ ዜማውን ይጫወታል። ተራው የደረሰ በጭንቅላት ምልክት ይሰጠዋል። ያልፈለገም በጭንቅላቱ «እለፈኝ» ይላል፤ ነውር የለውም።

ኮርዱ የጠፋበት ሰው የጊታር ተጫዋቹን ግራ እጅ ያያል። ሌላው ሲዘፍን ወይም ዜማ ሲያወጣ ደግሞ ማንዶሊኗ ድምፅዋን ቀንሳ ታጅባለች። የዘፋኙ ቃል ካልተሰማችሁ እየጮኻችሁ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ሕግ ለትዳርም፣ ለጓደኝነትም፣ ለታክሲ ውስጥ ክርክርም ብንጠቀምበት እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤህ

ወንድሜ፣ የተላጠው ጣት ይድናል። ጥንድ የብረት ክር ለጀማሪ ጨካኝ ነው። ግን በጥቂት ሳምንታት የጣትህ ጫፍ ይጠነክራል። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከምትታገል በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃሃል። ጣትህ ከተሰነጠቀ ግን ቀን ስጠው። የግራ እጅህን ጥፍር አሳጥር።

ድምፁ እንደ ጠጠር የሆነብህ ጥንዶቹ እርስ በርስ ስላልተስማሙ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ጥንድ ክሮች እኩል ካልተቃኙ ምንም ብታደርግ አያምርም። በስልክህ መቃኛ ጫንና ስምንቱንም አንድ በአንድ አስተካክል። ክሮቹ ከፍሬቱ በጣም ርቀው ከሆነ ለሚያውቅ ሰው አሳየው። ያለ ምክንያት ነው ጣትህ የሚሰቃየው። ክር ስትቀይር ሁሉንም አንዴ አታውልቅ፤ ክሮቹ የተደገፉባት እንጨት ሆዷ ላይ በሙጫ ያልተጣበቀች ስለሆነች ትነሣብሃለች። አንድ አውልቀህ አንድ እሰር። የጊታር ክር ደግሞ አይሆንም፤ አብዛኛው የማንዶሊን ክር ጫፉ ቀለበት ነው። አክስትህ ሌላ ነገር ከምትልክልህ ሁለት እሽግ ክር ትላክልህ።

መጀመሪያው ሳምንት ሦስቱ ባለ ሁለት ጣት ኮርዶች ብቻ። ሁለተኛው ሳምንት ሳታቆም ማፈራረቅ። ከዚያ ቾፑ። ቀስ ብለህ ጀምር፤ ብሉግራስ ፈጣን ነው ብለህ አትሩጥ። ቀስ ብሎ ያልተጫወቱት ሲሮጡበት ይደናቀፋል።

«የጊታር ጫጩት» ለሚሉህ ጓደኞችህ ደግሞ የቢል ሞንሮን ማንዶሊን ታሪክ ንገራቸው። በ1923 በጊብሰን ኩባንያ የተሠራች ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት አይቷት ገዛት። በ1985 ሰው ቤቱ ገብቶ በእሳት መቆስቆሻ ብረት ሰባበራት። የጊብሰን ባለሙያ ስንጥሩን እየለቀመ፣ እየገጣጠመ በ1986 መለሰለት። ሞንሮ እስከ 1996 ድረስ ኖረ፤ ያቺኑም ተጫወተባት። የተሰበረ ነገር ሁሉ አይጣልም ለማለት ነው።

እኔና ወንድም ጋሼ ዛሬ እንዴት እንደምንጫወት ልንገርህና ላብቃ። በቪዲዮ ጥሪ አብረን ልንጫወት ሞክረን ነበር። አይሆንም። ድምፁ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ስለሚዘገይ የኔ «ጭክ» እሱ ጋ ሲደርስ «ዱም»ን ይረግጠዋል። ዘዴ አገኘን። እሱ ሌሊት ሥራ ላይ ከሽማግሌው ጋር ጊታሩን ቀድቶ ይልክልኛል። እኔ እሁድ እሁድ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ በላዩ እቆርጥበትና እመልስለታለሁ። ባለፈው የመለሰልኝ መልእክት «አራተኛው መሥመር ላይ ሲን ረስተሃል፤ ግን ቆጠራውን አላቆምክም» ይላል። እናቴ ደግሞ የአባቴን ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ለማንዶሊኗ ሚስማር መትታለች።

ስለዚህ አትሽጠው። ይልቅስ ለአክስትህ ባል ደውልለት። ጊታር ለጠየቀ ልጅ ማንዶሊን የሚልክ ሰው አብሮት የሚጫወት የጎደለው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ጂ፣ ሲ እና ዲ ይዘህ ደውል፤ ወሬው ራሱ ይመጣል።

እናንተም አንድ ያኮረፋችሁት ታላቅ ወይም ታናሽ ካለ አስቡበት። አጥብቃችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ ከመታችሁት ሰንበት ብሏል፤ ጣታችሁን ላላ አድርጉ። ጥያቄያችሁን መላክ አትርሱ። ስም አንጠራም፤ ምሥጢር እንጠብቃለን።

ለሳምንት ቸር ይግጠመን!